ዓይኔ ያየው ወረቀት

ፈንጂ ምን እንደሆነ ያወቅሁት በአንድ ኮንጎ ጫማ ነው። ከሰርዶ አልፈን በአሮጌው የአሰብ መንገድ ስንሄድ ሾፌሩ መኪናውን አቆመና ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ወደቆመ ግራር በጣቱ አመለከተኝ። ጫማው እሾህ ላይ ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። "ማን ሰቀለው?" አልኩ፣ የሞኝ ጥያቄ። ሾፌሩ ደግሞ አመለከተኝ። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ሳይ ጫማው ባዶ አልነበረም። ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው እግር እውስጡ ደርቆ ተቀምጧል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ሳይቀር ይታያል። የድንበሩ ጦርነት በቆመ ሰሞን የጠፋች ግመሉን ሊፈልግ የገባ ሰው እግር ነው አሉ። ግራሩ ፈንጂ መሀል ስለቆመ ማንም ገብቶ ሊያወርደው አልቻለም። ከመኪናው ወርጄ አስመለስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ስፈራ እናደዳለሁ፣ ስናደድ አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል። ይህን ጠባዬን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ያጠፋሁት ሁሉ ከእሱ ስለመጣ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት አዋሽ ሰባት ነው። አባቴ የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ነበር። የመጣውን ባቡር፣ የሄደውን ባቡር፣ የዘገየውንና የዘገየበትን ምክንያት በትልቅ መዝገብ ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፉ ይከትባል። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" የምትለዋን ተረት ከአቡነ ዘበሰማያት እኩል ይደግማት ነበር። አፋርኛውን ግን ከእሱ መዝገብ አላገኘሁትም። በገበያ ቀን ወተትና ሰሌን ይዘው ከሚመጡት የአፋር ሴቶች አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ስሳሳትም እየሳቁብኝ ነው የተማርኩት። በኋላ ሰመራ ከባዶ ሜዳ ላይ ከተማ ሆና ስትበቅል "አፋርኛ የምትችል" ተብዬ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ሰውን ስለ ፈንጂ ማስተማር ነበር፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ስታዩ ቁሙ፣ ነጭ ከሆነ እለፉ፣ የማታውቁትን ብረት አትንኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፈንጂ ወረዳ ይሉኝ ነበር። ለሥራዬ አይደለም፣ ለጠባዬ ነው።

ሾፌሩ የወሎ ሰው ነው፤ ዕድሜው ከአባቴ ቢያንስም ጋሼ እለዋለሁ። ሎጊያ ውስጥ ወንድሙ ምግብ ቤት ስላለው፣ ከዚያ ያልተቀመሰ ምሳ ሁሉ ለእሱ ምሳ አይደለም። የጅቡቲ መንገድ ተሳቢና ቦቴ ከፊታችን ሲደረደር ይሳደባል፣ ወዲያው ደግሞ "አስተግፊሩላህ" ይላል። ከእሱ ጋር ስንት ጊዜ እንደተጣላሁ አልቆጥረውም። ያለ እሱ ግን አንድ ቀንም መንገድ አልወጣም ነበር።

ሽማግሌውን ያገኘሁት ሰርዶ አጠገብ በአንድ ዳስ ጥላ ሥር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽርጣቸው ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ ግመል አርቢ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ሃያ ዓመት የሚሆናት አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። እኔ "አባ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "የአዋሽ ልጅ" ይሉኛል። የዚያን ቀን ለተሰበሰበው ሰው የዓለም መንግሥታት ስለፈረሙት ስምምነት ነገርኩ። ሰው የሚገድለውን ፈንጂ ከእንግዲህ ማንም እንዳይሠራ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይቀብር፣ የተቀበረውም እንዲወጣ ተስማምተዋል፤ የእኛም መንግሥት ፈርሟል አልኩ። ንግግሬ አምሮልኝ ነበር። በመጨረሻም እንደለመድነው "የሰማ ላልሰማ ያሰማ" ብዬ ቁጭ አልኩ።

"ይህን ዓይንሽ አይቷል ወይስ ጆሮሽ ሰምቷል?" አሉ ሽማግሌው።

"ጆሮዬ ሰምቷል አባ። ከመሥሪያ ቤቴ።"

"ጥሩ። ሰዎቹ ፈርመዋል።" ጥርሳቸውን በመፋቂያ አሹ። "ፈንጂውስ ፈርሟል?"

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ መጀመሪያ ደሜ ፈላ፣ ቀጥዬ ሳልወድ ሳቅሁ።

ስለ ዓይንና ስለ ጆሮ የጠየቁኝ ለቀልድ አልነበረም። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ዳጉ ወሬ ነው ብለን የምንተረጉም ሰዎች ነገሩ አልገባንም። በወሬ ላይ ቅመም ይጨመራል፣ በዳጉ ላይ አይጨመርም፣ አይቀነስም። ጠያቂው፣ ጆሮሽ ምን ሰማ? ዓይንሽ ምን አየ? ይላል። የሰማ ሰው ከማን እንደሰማ ይናገራል፤ ያየ ሰው አየሁ ይላል። የሰማውን አየሁ ያለ ሰው ግን አለቀለት። ከዚያ በኋላ ውሃ እዚያ አለ ቢል ማንም አይከተለውም፤ በዚያ አገር ቃሉ የማይታመን ሰው መኖሩን አይቆጥሩትም።

የሽማግሌው ልጅ ከተማሪዎቼ ሁሉ የምትበልጥ ነበረች። አንዴ የነገርኳትን ሳታዛንፍ ለሴቶቹ ትደግምላቸዋለች፤ እኔ ሳል የያዘኝን ቦታ ሳይቀር እንደ እኔ እየሳለች ታስቃቸዋለች። "ቀይ ድንጋይ ስታዩ ቁሙ!" ስትል ድምፅዋ የእኔ ድምፅ ይሆናል። አንድ ቀን "ቀይ ድንጋዩን ዝናብ ቢወስደውስ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ዝናብ የት አለና!" ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች። መልስ አልሰጠኋትም።

በዚያ ዓመት ዝናቡ እውነትም ጠፋ። ከመንገዱ ወዲያ አንድ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታና ሣር አለ። በጦርነቱ ጊዜ ሜዳው ላይ ፈንጂ ተቀብሮ ስንት ፍየል፣ ስንት ሰው በላ። ምልክት ተደርጎበት የነበረውን ድንጋይም የአንድ ክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወስዶታል። ግን ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይገባበትም፤ ሣሩ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን ዞረው ይሄዳሉ። ግመሎቹ በከሱበት በዚያ ዓመት ሁለት ቀን የማይቻል ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ፋክሱ ላይ አንድ ገጽ አገኘሁ። የቦታዎች ዝርዝር ነው። ያ ሜዳ ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ተጽፏል። ባለፈው ወር እንዲሁ ዝርዝር መጥቶ፣ ርዕሱ "ፈንጂ ወጥቶላቸው ነጻ የተደረጉ ቦታዎች" ይል ነበር። ይኼኛው ርዕስ አልነበረውም፤ ሁለተኛው ገጽ ነው። አንደኛው ገጽ የት ሄደ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው እንዲያውም። ምሥራች ይዤ ልሄድ ነው።

መንገድ ላይ ጎማችን ሁለቴ ፈነዳ። ሰርዶ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ምሳ አልበላንም፣ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ "ቶሎ በይ እህቴ፣ ወላሂ ይኼ ጎማ አይመልሰንም" ይለኛል። ሽማግሌው ዳሱ ሥር ነበሩ። ልጃቸው ከኋላቸው ለግመል የሚሆን ገመድ ትፈትላለች። ቆሜ ነው የነገርኳቸው። ዳጉ ቆሞ አይነገርም።

"አባ፣ ሜዳው ነጻ ሆኗል። ፈንጂው ወጥቷል።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ተቀመጪ" አሉ።

"አልችልም፣ እንሄዳለን።"

"ጆሮሽ ሰምቷል?"

"ሆኗል አልኩዎት እኮ አባ።"

"ዓይንሽ አይቷል?"

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። እኔ መንግሥት ቀጥሮኝ፣ የመንገድ አቧራ ስበላ ውዬ፣ የምሥራች አምጥቼ፣ እንደ ሌባ መስቀለኛ ጥያቄ እጠየቃለሁ? "አዎ!" አልኩ። "በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ!"

ውሸት የተናገርኩ አልመሰለኝም። እንደዚህ ነው የምንናገረው እኮ ቢሮ ውስጥ። "ጉዳይህን አይተነዋል" ስንል ሰውየውንም ቤቱንም አላየንም፤ ወረቀቱን አየን ማለታችን ነው። የአባቴ ልጅ ነኝ። ለእኔ የተጻፈ ነገር የታየ ነገር ነው።

ሽማግሌው ተነሡ። ትከሻዬን ነካ አድርገው "ዓይንሽ ካየ ደህና ነው" አሉ። ልጃቸው ገመዱን ጥላ እልል አለች።

ጎማው እውነትም አልመልስ ስላለን ሰርዶ አደርን፤ ጠዋት ጎማውን አስጠግነን ወደ ሜዳው አቅጣጫ ተነሣን። እዚያ ማዶ ያሉትን ሰዎችም ላበሥር ነበር። ሜዳው ዳር ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ድምፁን ሰማነው። ሰው እንደሚያስበው አያስገመግምም። አጭርና ደረቅ ነው፤ በር በጥፊ ሲመታ እንደሚሰማው። ሾፌሩ ጎማ ፈነዳ ብሎ ቆመ። ጎማው ደህና ነው። ቀና ስንል አቧራው ከሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሮጥን። የሜዳው አፋፍ ላይ የሰሌን ቤታቸውን ነቅለው ግመል ላይ የጫኑ ሴቶች ጸጉራቸውን ይዘው ይጮሃሉ። ሃምሳ እርምጃ ገባ ብሎ መሪዋ ግመል ወድቃለች። ሆዷ ተከፍቶ አንጀቷ አሸዋው ላይ ተዘርግቷል፤ በሌሉ የፊት እግሮቿ ልትነሣ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፣ ደግሞ ትሞክራለች። የግመል ጩኸት ከሰው ጩኸት የሚለይ ይመስለኝ ነበር። አይለይም። ከግመሏ አጠገብ የሽማግሌው ልጅ ተቀምጣለች። ተቀምጣለች ነው የምለው፣ ቀና ብላ ስለነበረች። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች የለም። ቀኙ አለ፣ ግን ዞሯል፤ ተረከዙ ወደ ፊት ነው። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ደሟ ይፈስሳል እንጂ አይንጠባጠብም፤ አሸዋው ወዲያው ይጠጣዋል። አልጮኸችም። እጆቿን ግራና ቀኝ መሬት ሳታስነካ አንሥታ ይዛለች። ያስተማርኳት ነው። "ፈንጂ መሀል ከሆናችሁ ምንም አትንኩ።"

ሽማግሌው አፋፉ ላይ ቆመው ነበር። ዞሩና አዩኝ። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። "የአዋሽ ልጅ፣ ዓይንሽ አይቷል ብለሻል" አሉኝ። "እንግዲያው ግቢ። አምጫት።"

አልገባሁም።

እግሮቼን አዘዝኳቸው፣ አልታዘዙም። አፌ ግን አላረፈም፤ ከትምህርቱ ላይ አንድ በአንድ ይለቅማል። "መግባት አይቻልም አባ፣ ፈንጂ አምካኞች መጠራት አለባቸው፣ ሌላ ሰው ይጎዳል፣ ደንቡ..." ፈንጂ አምካኞቹ ያሉት የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ነው። ይህንንም አውቃለሁ።

ሽማግሌው "አላየሽም" አሉ። ለራሳቸው ነው የተናገሩት፣ ነገሩ አሁን እንደገባው ሰው። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሽርጣቸውን ሰበሰቡ፣ ግመሏ ገብታ በሄደችበት የእግር ፈለግ ላይ እግራቸውን አንድ በአንድ እያሳረፉ ገቡ። ሾፌሩ መንገዱ ላይ ተንበርክኮ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ይላል፣ እየደጋገመ። እኔ እቆጥር ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ ሲያርፍ እኔ ነበርኩ የምፈነዳው። ደረሱ። የወገባቸውን ጩቤ፣ ጊሌያቸውን መዝዘው መጀመሪያ የግመሏን ጉሮሮ ቆረጡ፣ ጩኸቱ ቆመ። ልጃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው በዚያው ፈለግ ተመለሱ። የዞረው እግሯ በጀርባቸው ላይ ይወዛወዛል።

በሻርፔ ጭኗን አሰርኩ፣ አልበቃም፤ ሾፌሩ ቀበቶውን ፈታ። የኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቷን እኔ፣ ወገቧን አባቷ ይዘን ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ከነፍን። ሾፌሩ እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ተሳቢዎቹን በአሸዋው እየወረደ ያልፋቸዋል። የመኪናው ወለል ላይ ደሟ ከወንበር ሥር ወደ ወንበር ሥር ይንሸራተት ነበር። ከሰርዶ እንዳለፍን ዓይኗን ገለጠች። እኔን ነው ያየችው። "ቀይ ድንጋይ አላየሁም" አለችኝ፣ ትምህርቱን ረስታ ያጠፋች መስሏት። ይቅርታ መጠየቋ ነበር! እኔን!

የሰመራ ሕንፃዎች ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ እጇ ከእጄ ውስጥ ከበደ። ሽማግሌው አንገቷን ዳሰሱ። "አቁም" አሉት ሾፌሩን። "መልሰን።"

በዚያው መንገድ መለስናቸው። 

አንደኛውን ገጽ በማግሥቱ ከፋክሱ ጠረጴዛ ኋላ መሬት ላይ አገኘሁት። "በሚቀጥለው ዙር ነጻ የሚደረጉ ቦታዎች" ይላል። የሚደረጉ። ይህን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰነፍ ነው፣ ፈሪም ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየና በሩን ዘጋ። "የሥራ ስህተት ነው" አለኝ። "አንቺም ልጅ ነሽ፣ ዕድሜሽን አታበላሺ። ማስጠንቀቂያ ተነግሯቸው ሳለ በራሳቸው ፈቃድ ገቡ ብለን ሪፖርት እንጻፍና አብረን እንፈርም።" እዚያው ጻፈና ብዕሩን ወደ እኔ ገፋው።

ብዕሩን አነሣሁት። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ስሜን ልጽፍ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር። የሽማግሌው ቀልድ በዚያች ሰዓት መጣብኝ፤ ሰዎቹ ፈርመዋል፣ ፈንጂውስ ፈርሟል? ብዕሩን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ቀለሙ በአለቃዬ ሸሚዝ ላይ ተረጨ። ያን ጊዜ የተናገርኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ኮሪደሩ በሙሉ ሰምቶታል። "ፈንጂ ወረዳ ፈነዳ" ተባለ አሉ በኋላ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

"ወደ ሰዎቹ ውሰደኝ" አልኩት ሾፌሩን።

"ይገድሉሻል" አለኝ። "ልጃቸውን የገደለች ሴት ነሽ እኮ። አላህ ያውቃል፣ እኔ ብሆን አልሄድም።"

"መንዳት ትችላለህ ወይስ አትችልም ጋሼ?"

"ጠባይሽ!" አለና ቁልፉን አነሣ።

ሽማግሌዎቹ በአንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አባትየው መሀል ናቸው። ማንም ተቀመጪ አላለኝም። በዚህ ጊዜ ግን ተቀመጥኩ፣ አሸዋው ላይ። "ጆሮሽ ምን ሰማ፣ ዓይንሽ ምን አየ?" አሉ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፣ እንደ ሥርዓቱ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ፋክሱን፣ ርዕስ ያልነበረውን ገጽ፣ ጎማውን፣ ንዴቴን፣ ሁሉንም። "ሜዳውን አላየሁም። ዓይኔ ያየው ወረቀት ነው" አልኩ።

ከመሀላቸው አንዱ "ወረቀቱ ሜዳውን አይቶታል?" ብሎ ጠየቀኝ። እያሾፈ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

"አላየውም።"

"የጻፈው ሰው አይቶታል?"

"አላውቅም።"

"ግቢ ስልሽ ለምን አልገባሽም?" አሉ አባትየው። ከተቀመጥኩ ወዲህ መጀመሪያ የተናገሩት ይኼንን ነው።

"ፈራሁ" አልኩ። "እንዳላየሁ እግሬ ያውቅ ነበር።" ይህን ስናገር ማልቀስ ጀመርኩ። ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አላባበለኝም።

ተነጋገሩ፣ ረጅም ሰዓት። እኔን ከነገሩ ውስጥ አውጥተው፣ እንደሌለሁ አድርገው። በመጨረሻ ፍርዱን የተናገሩት አባትየው ናቸው። "ደምሽን አንፈልግም። ይህን ዳጉ አንቺው ትሸከሚዋለሽ። ከእንግዲህ በየትም ቦታ ስለ ፈንጂ አፍሽን ስትከፍቺ መጀመሪያ የልጄን ነገር ትናገሪያለሽ። አትጨምሪም፣ አትቀንሺም።" ተነሥተው ሄዱ።

ይህን ፍርድ ፈጽሜያለሁ። በየዳሱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየገበያው ሰው ሰብስቤ ስቆም "እኔ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አንዲት ሴት ያስገደልኩ ሰው ነኝ" ብዬ ነው የምጀምረው። ተነሥቶ የሄደ አለ። የተፋብኝ አለ። አንዲት ሴት ልጇን ከፊቴ አንሥታ ዓይኑን ሸፈነችው። ቀይ ድንጋይ ስል የሚሰማኝ፣ ነጭ ድንጋይ ስል የሚያምነኝ ሰው እንደሌለ አውቀው ነበር። ለምን እንዳልተውኩት ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ጊዜ አፌ ሰው ገድሎ ዝም ብል፣ ዝምታዬ ደግሞ ሌላ ሰው ይገድላል። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ፈንጂ አምካኞቹ ወደዚያ ሜዳ መጡ። ፈቃድ ወስጄ ከእነሱ ጋር ሰነበትኩ። የቡድን መሪው የቀድሞ ወታደር ነው፤ "ከዚህ ውስጥ እኔ የቀበርኩት አይጠፋም" አለኝ አንድ ቀን፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር። ከጨረሱት መስመር ኋላ እየተቀመጥኩ እያንዳንዱን ስንዝር አየሁ። ሲወጡም አየኋቸው፤ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚያክሉ፣ የትም ቢጣሉ ማንም ዞሮ የማያያቸው ዕቃዎች ናቸው። ለዚህ ነው? አልኩ። ለዚህች ነው? ተሰብስበው እንዲፈነዱ ሲደረግ መሬቱ ከሥሬ ዘለለ፤ ጆሮዬን በእጄ አልያዝኩም።

ያለቀ ዕለት ሰዎቹ ተጠሩ። አባትየው ከግመሎቻቸው ጋር መጥተው አፋፉ ላይ ቆሙ፣ የዚያን ቀን በቆሙበት ቦታ። የቡድን መሪው ንግግር ሊያደርግ ሲጀምር አላስጨረስኩትም። ጫማዬን አወለቅሁ። ገባሁ። ሰላም እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሆኖም እግሬን የማሳርፈው መሬቱን እያየሁ ነበር። የግመሏ አጥንት ገና እዚያው ነው። አልፌው ሄድኩ፤ ሣሩ ድረስ ሄጄ፣ ሣር ነጭቼ ተመለስኩ። "ዓይኔ አይቷል" አልኩ፣ ሣሩን ዘርግቼ።

አባትየው ለግመሎቹ አፏጩ፣ በአጠገቤ አለፉ፣ ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም።

ብዙ ዓመት አለፈ። አባቴ ሲያርፍ ቤቱን ልዘጋ ወደ አዋሽ ተመለስኩ። የጣቢያው መዝገቦች ምስጥ በልቷቸው አገኘሁ፤ ያ ሁሉ ጥሩ እጅ ጽሑፍ ስነካው ዱቄት ሆነ። ከሰዓት በኋላ የአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ልጠጣ ቁጭ ስል፣ ከታች ከሸለቆው የመጣ አንድ ግመል ነጋዴ አጠገቤ ተቀመጠ። ጢሙ የሸበተ፣ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። በአፋርኛ ሰላም ስለው ደስ አለውና ዳጉ ጀመረ። የግመል ዋጋን ተናገረ፤ የአዋሽን ሙላት ተናገረ። ከዚያ "ፈንጂ ወዳለበት አገር የምትሄጂ ከሆነ ይህን ስሚ" አለ።

ስለ አንዲት የቢሮ ሴት ነገረኝ። ያላየችውን አየሁ እንዳለች፤ ሁለት ጎማ ፈንድቶባት እንደነበረ፤ ቆማ እንደተናገረች። ግቢ ስትባል እንዳልገባች። የሞተችው ልጅ መኪና ውስጥ "ቀይ ድንጋይ አላየሁም" እንዳለች። ሴትየዋ ራሷ መጥታ እንደተናዘዘች፤ በኋላም በባዶ እግሯ ሜዳውን አቋርጣ ሣር ይዛ እንደተመለሰች። አንዲት ቃል አልጎደለም። አንዲት ቃል አልተጨመረም።

"ያቺ ሴት" አለ ሲጨርስ፣ "አሁን ነጻ ነው ካለችሽ እለፊ። ቁሚ ካለችሽ ቁሚ። ቃሏ ይታመናል።"

የሻዩን ብርጭቆ ከእጄ አስቀመጥኩ። እንደ ሥርዓቱ መጠየቅ ነበረብኝና ጠየቅሁት። "ይህን ዓይንህ አይቷል ወይስ ጆሮህ ሰምቷል?"

"ጆሮዬ ሰምቷል።"

"መጨረሻውን፣ ቃሏ ይታመናል የሚለውን፣ ከማን?"

"ከአባትየው" አለኝ።